ከመጨረሻው ኬሞ በኋላ፦ የገጠር የካንሰር ታማሚዎች ክትትል ለምን ይቋረጣል?

በቅርብ ዓመታት ስለ ካንሰር የምንሰማው ደህና ዜና በአብዛኛው የምረቃ ዜና ነው። እዚህ የጨረር ማሽን ተተከለ፣ እዚያ የካንሰር ማዕከል ተከፈተ ይባላል። ደስ የሚል ዜና ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ በመላ አገሪቱ ጨረር የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ወረፋው ወራት ይፈጅ ነበር፤ ዕጢ ደግሞ ወረፋ አይጠብቅም። አሁን ጅማና ሐረር የየራሳቸው ማሽን አላቸው። በዕቅዱ ውስጥ ሐዋሳ፣ ጎንደርና መቀሌም አሉበት።

ከዜናው ጋር ሁለት ዓይነት ወሬ ይከተላል። አንዱ «ማሽኑ ክልል ወረደ፣ በቃ ችግሩ ተፈታ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ማሽን ቢመጣ ምን ዋጋ አለው፣ የገጠር ሰው ሕክምናውን ጀምሮ ይተወዋል» ይላል። ሁለቱም አንድ ነገር ዘለዋል። የካንሰር ሕክምና ቁስሉ ሲደርቅ ወይም የመጨረሻው ኬሞ (ዕጢውን የሚመታው መድኃኒት) ሲሰጥ አያልቅም። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የሚዘልቅ ክትትል አለ። ብዙ የገጠር ታማሚዎች መንገድ ላይ የሚቀሩት እዚህ ጋ ነው።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች አይደለም። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለ2022 ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ በዓመት 80,000 ገደማ አዲስ ታማሚዎች ይኖራሉ። ከአገሪቱ ሕዝብ አብዛኛው ደግሞ ገጠር ነው የሚኖረው።

ክትትል ሲባል ምን ማለት ነው?

ቃሉ አንድ ቢሆንም ሥራው ብዙ ነው። በሽታው ተመልሶ እንደሆነ ማየት አንዱ ነው። የማህፀን በር ካንሰር የሚመለስ ከሆነ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ውስጥ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ በየሦስት እስከ ስድስት ወሩ መታየት ይመከራል።

ሕክምናው ራሱ ጥሎት የሚሄደውን ጉዳት መያዝም ክትትል ነው። ከጡቷ ጋር የብብቷ ንፍፊቶች የወጡላት ሴት ከወራት በኋላ ክንዷ ሊያብጥ ይችላል። ሊምፍኢዴማ ይባላል፤ በብብት በኩል የሚያልፈው ፈሳሽ መውጫ ሲያጣ የሚመጣ እብጠት ነው። በጊዜ ከታየ በማሰሪያና በእንቅስቃሴ ይያዛል። ከተተወ ግን ክንዱ ይከብዳል፣ ቆዳው ይደድራል። እንስራ መሸከምም እንጀራ መጋገርም ፈተና ይሆናል። በክንዷ ሥራ ለምትኖር የገጠር ሴት ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ከሁሉም በላይ ግን ታሞክሲፌንን ማንሳት እፈልጋለሁ። በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ ክኒን ነው። አንዳንድ የጡት ካንሰር የሚያድገው ኤስትሮጅን በሚባለው የሴት ሆርሞን ነው፤ ታሞክሲፌን ሆርሞኑ ዕጢው ላይ እንዳያርፍ ቦታውን ይዘጋበታል። በኢትዮጵያ በተደረጉ ጥናቶች ከጡት ካንሰር ታማሚዎች ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት ሆርሞን የሚመገበው ዓይነት አላቸው። ለእነዚህ ሴቶች ለአምስት ዓመት በትክክል የተወሰደ ታሞክሲፌን በጡት ካንሰር የመሞትን ዕድል በሲሶ ገደማ ይቀንሳል። ማቀዝቀዣ አይፈልግም፤ መርፌም ማሽንም የለውም። ከካንሰር መድኃኒቶች መካከል ርካሽ ከሚባሉት ነው። እንግዲህ ገጠር ድረስ ለመድረስ የሚመች የካንሰር ሕክምና ካለ ይህ ነው። ግን አምስት ዓመት ማለት ከ1,800 ቀናት በላይ ነው። በየጊዜው ክኒኑን የሚሰጣት፣ ከማህፀኗ ያልተለመደ ደም መጥቶ ወይም እግሯ አብጦ እንደሆነ የሚጠይቃት ሰው ያስፈልጋል። ሁለቱም የመድኃኒቱ ጉዳት ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉና።

አንድ ቀጠሮ ስንት ቀን ይፈጃል?

አንዲት የአርባ ሁለት ዓመት እናት እናስብ። ለምሳሌ ያህል ነው፤ እንደ እሷ ያሉ ግን በየሆስፒታሉ በረንዳ ይታያሉ። የአገራችን የጡት ካንሰር ታማሚዎች በአማካይ በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ያሉ፣ ገና ልጅ የሚያሳድጉ ሴቶች ናቸው። ቤቷ ከሚዛን አማን ወጣ ያለ ቀበሌ ነው። አዲስ አበባ ጡቷ ወጥቶላት ኬሞዋን ጨርሳለች። ቀጠሮዋ በየሦስት ወሩ ነው።

ከቀበሌዋ እስከ መኪና መንገዱ በእግር ወይም በሞተር ትሄዳለች። ከሚዛን ጅማ፣ ከጅማ ደግሞ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብቻዋን አትመጣም፤ አስታማሚ አላት። ስለዚህ ትኬቱም ምግቡም የሁለት ሰው ነው፤ ማደሪያም አለ። በማግስቱ ንጋት ላይ ካርድ ክፍል ትሰለፋለች። ሐኪሙ ጋ ስትደርስ የደም ምርመራና አልትራሳውንድ ይታዘዝላታል። «ሪኤጀንት (የምርመራው ኬሚካል) አልቋል» ከተባለች ደሙን ውጭ ከፍላ ታሠራለች። አልትራሳውንዱ ለሌላ ቀን ይቀጠራል። ውጤቱ ዓርብ ከሰዓት ከደረሰ ሐኪሙን የምታገኘው ሰኞ ነው። ሐኪሙ ፊት የምትቀመጠው አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ለዚያች አሥር ደቂቃ አንድ ሳምንት ሄደ ማለት ነው። ወሩ ኅዳር ከሆነ ደግሞ አዝመራው ሜዳ ላይ ነው።

እጇ ላይ አንድ ፌስታል አለ። የናሙና ውጤት፣ የኤክስሬይ ፊልም፣ የቀጠሮ ካርድ፣ ማጠፊያው ላይ የተቀደደ የሪፈር ወረቀት ውስጡ ታጭቀዋል። የበሽታዋ ታሪክ በሙሉ ያለው እዚያ ነው። በቅርቧ ያለው ሆስፒታል ምን ኬሞ እንደወሰደች የሚያውቀው ፌስታሉን ይዛ ከሄደች ብቻ ነው። ዝናብ ካገኘው ወይም ከጠፋ ሐኪሙ ከዜሮ ይጀምራል።

ይህን ጫና ለማቅለል የሚደክሙ አሉ። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች በ2004 ያቋቋሙት ሲሆን ከክልል ለሚመጡ ታማሚዎች ማደሪያ ይሰጣል። ለሕፃናት ታማሚዎችና ለወላጆቻቸው ደግሞ ተስፋ አዲስ የሚባለው ማኅበር አለ። ሥራቸው ትልቅ ነው። ግን ማደሪያ የሚረዳው አዲስ አበባ የደረሰን ሰው ነው፤ የትኬት ገንዘብ አጥቶ ቤቱ የቀረውን አያገኘውም።

ትኩሳቱ የወባ ሲመስል

በኬሞ መካከል ያለው ጊዜም ክትትል ይፈልጋል። ኬሞ በብዛት በየሦስት ሳምንቱ ይሰጣል። መድኃኒቱ ዕጢውን ሲመታ በሽታ የሚከላከሉትን ነጭ የደም ሴሎችም ይመታል። ሴሎቹ በብዛት በጣም የሚያንሱት ከተሰጠ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ታማሚዋ በዚያ ጊዜ ቤቷ ነች።

በዚያን ሰሞን ትኩሳቷ 38 ዲግሪ ቢደርስ ድንገተኛ ሕመም ነው። በሰዓታት ውስጥ ጠንካራ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በደም ሥር ካላገኘች ልትሞት ትችላለች። ቆላማ ወረዳ ላይ ግን ትኩሳት ማለት መጀመሪያ ወባ ነው፣ ቀጥሎ ታይፎይድ። ጤና ጣቢያው የወባ ምርመራ ያደርጋል። ነጻ ከሆነች የሚዋጥ መድኃኒት ተሰጥቷት ወደ ቤት ትሸኛለች። ባለሙያው አልሰነፈም። ኬሞ ላይ መሆኗን የሚነግረው ወረቀት የለውም፤ ቢነገረውም ምን ማድረግ እንዳለበት ያሠለጠነው የለም። «ይህች ሴት ኬሞ ላይ ነች፤ ትኩሳት ካላት በአስቸኳይ ይህን ያድርጉ፤ በዚህ ስልክ ይደውሉ» የሚል አንድ ካርድ ሕይወት ያተርፋል። ካርዱን ለማሳተም የሚፈጀው ገንዘብ ከአንድ ዙር ኬሞ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

መድህኑ የት ድረስ ይሄዳል?

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ዛሬ ወደ አብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ደርሷል። አባወራው ወይም እማወራዋ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላሉ፤ ቤተሰቡ በደብተሩ ይታከማል። ብዙ ቤት ከበሬ ሽያጭ አድኗል።

ለካንሰር ታማሚ ግን ሁለት ቦታ ላይ ይሳሳል። አንደኛ፣ የሚሠራው በሪፈር ሰንሰለት ነው፤ ከጤና ጣቢያ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ አጠቃላይ፣ ከዚያ ወደ ስፔሻላይዝድ። ለአዲስ ታማሚ ሰንሰለቱ ምክንያት አለው፤ ትልልቆቹ ሆስፒታሎች በጉንፋን እንዳይጨናነቁ ያደርጋል። ምርመራዋ ያለቀላትና ቀጠሮዋ የታወቀ ሴት ግን በብዙ ቦታ ለዚያው ቀጠሮ እንደገና ወረቀት ማሳደስ አለባት። ሁለተኛ፣ መድህኑ የትራንስፖርትና የማደሪያ ወጪ አይከፍልም። ለሩቅ ታማሚ ደግሞ ክትትል ማለት በአብዛኛው እሱ ነው። ክኒኑ ርካሽ ሆኖ መንገዱ ነው ውዱ።

መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ፋርማሲ ከጠፋ ደግሞ ከግል ይገዛል። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ በሚገባ መድኃኒት ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

የመድህኑን አስተዳዳሪዎች ስጋትም መስማት ተገቢ ነው። የወረዳ ቋት ጠባብ ነው። የአንድ ታማሚ ረጅም ሕክምና የብዙ አባወራዎችን የዓመት መዋጮ ሊበላ ይችላል። ትራንስፖርት ይጨመር ቢባል ቁጥጥሩም ከባድ ነው። ስጋቱ እውነተኛ ነው። በእኔ እይታ ግን ክፍተቱ የሚደፈነው ትራንስፖርት በመክፈል ብቻ ሳይሆን ጉዞውን ራሱን በማሳነስ ነው።

«ጠፋች» የሚለው ቃል

በሆስፒታል መዝገብ ላይ ቀጠሮዋን ያለፈች ታማሚ «ከክትትል የጠፋች» ትባላለች። የሙያ ቃል ነው፤ ሐኪሞቹ ማንንም ለመውቀስ አይጠቀሙበትም። አደባባይ ሲወጣ ግን ወቀሳ ይሆናል፤ ሴትዮዋ ራሷን የሰወረች ይመስላል። ቤቷ እዚያው ነው፤ ቀበሌዋም ያውቃታል። የጠፋው በእሷና በሆስፒታሉ መካከል ያለው መስመር ነው።

በርግጥ ታማሚዋ ራሷ የምትተውበት ጊዜም አለ። ሕመሙ ሲጠፋ በሽታውም የጠፋ ይመስላል። «ድኛለሁ፣ ለምን ክኒን እውጣለሁ?» ማለት የተለመደ ነው። ምርመራው መጥፎ ነገር ያመጣል ብሎ መፍራትም አለ። ባለፉት ዓመታት በትግራይም ሆነ በአማራ ክልል እንደታየው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ቀጠሮ ከነጭራሹ ይረሳል።

ጸበልም ይነሳል። ጸበልና መድኃኒት የግድ ይጣላሉ የሚለው ግን ከራሳችን ልምድ ጋር አይሄድም። በኤችአይቪ ጊዜ ብዙዎች መድኃኒቱን ትተው እንጦጦ ሲወጡ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ2007 ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናግረዋል። ብዙ ሰው መድኃኒቱን ይዞ ጸበሉን ቀጠለ። ለካንሰር ታማሚም ያንኑ ቃል የሰበካው ቄስ ቢነግራት ከማንኛውም ፖስተር በላይ ይሰማል።

ሁሉም ነገር አዲስ አበባ መሆን አለበት?

እዚህ ላይ ሐሳብ ይለያያል። አንዱ ወገን ካንሰር የስፔሻሊስት ሥራ ስለሆነ ክትትሉም ስፔሻሊስት ካለበት መውጣት የለበትም ይላል። ክርክሩ ባዶ አይደለም። በሽታው ሲመለስ የመጀመሪያው ምልክት አንዳንዴ ትንሽ የወገብ ሕመም ብቻ ነው። ልምድ የሌለው ባለሙያ ማስታገሻ ሰጥቶ ሊሸኝ ይችላል።

ሌላው ወገን ደግሞ ማስረጃ አለው። በካናዳ ኦንታሪዮ የጡት ካንሰር ሕክምናቸውን የጨረሱ 968 ሴቶች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹን ካንሰር ማዕከል፣ ግማሾቹን የሰፈራቸው የቤተሰብ ሐኪም ተከታተላቸው። ውጤቱ በ2006 ሲወጣ ከበሽታው መመለስ ጋር በተያያዙ ከባድ ችግሮች በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም። ከዚያ በፊት በ1994 በጣሊያን የወጡ ሁለት ጥናቶችም ምልክት ለሌላት ታማሚ በየጊዜው የደም፣ የአጥንትና የጉበት ምርመራ መደርደር ዕድሜ እንደማይጨምር አሳይተዋል። ታሪክን መጠየቅ፣ በእጅ መመርመርና ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) ይበቃ ነበር። ማሞግራፊ በወረዳ የለም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን በማንኛውም ወረዳ ሊሠሩ ይችላሉ። እዚህ ላይ ታማሚዋ ያን ያህል መንገድ ለየትኛው ምርመራ እንደምትመጣ መጠየቅ ተገቢ ይሆናል።

ካናዳ ካናዳ ነው፤ የእኛ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ሌላ ነው የሚል ካለ ልክ ነው። ለዚህም ከአገር ውስጥ የወጣው ማስረጃ ይበልጥ ይጠቅማል። በደቡብ ኢትዮጵያ በስምንት ሆስፒታሎች በተደረገ ጥናት በግማሾቹ ሆስፒታሎች ነርሶች ስለ ጡት ካንሰር ሠልጥነው ታማሚዎቹን በአካልና በስልክ እንዲከታተሉ ተደረገ። በእነዚያ ሆስፒታሎች የነበሩት ሴቶች ታሞክሲፌናቸውን ከሌሎቹ በተሻለ ሳያቋርጡ ወሰዱ። አዲስ ማሽን አልተተከለም። ስሟን የምታውቅ፣ ስትቀር የምትደውል ነርስ ነበረች።

ለኤችአይቪም ያደረግነው ይህንኑ ነው። በ2005 ነጻ መድኃኒት ሲጀመር አገልግሎቱ በሆስፒታሎች ነበር። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ወረደ፤ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሠልጥነው መስጠት ጀመሩ። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ደህና ሁኔታ ላይ ያለ ታካሚ የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ እንዲወስድ ተፈቀደ። በዓመት ሁለት ቀጠሮ ማለት ነው። ልዩነቱን ግን መደበቅ አይገባም። ያ ሥራ የተሠራው በብዙ የውጭ ገንዘብ ነው። ኤችአይቪ አንድ በሽታ ነው፣ ካንሰር ግን ብዙ። ቢሆንም ታሞክሲፌን ላይ ያለች ጤነኛ ሴት በሁኔታዋ ከዚያ ታካሚ ብዙ አትርቅም። የስድስት ወር ክኒን ከቅርቧ ሆስፒታል ብትወስድና በዓመት አንዴ ብቻ ማዕከሉ ድረስ ብትሄድ ከአራቱ ጉዞዎቿ ሦስቱ ይቀራሉ።

ወደ ወረዳ የማይወርድም አለ። ጨረር፣ ተመልሷል ተብሎ የተጠረጠረ ዕጢ ናሙና፣ አዲስ ኬሞ መወሰን የማዕከሉ ሥራ ሆኖ ይቀጥላል። ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ላይም ሁሉን መጫን ልክ አይደለም። ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት እነዚህ ሴቶች ክትባቱም የእናቶች ክትትሉም በእጃቸው ነው። ከእነሱ የሚጠበቀው ካንሰርን መመርመር ሳይሆን አንድ ቀላል ነገር ነው፤ ቀጠሮ ያለፋትን ሴት ቤቷ ሄዶ «ምን አጋጠመሽ?» ብሎ መጠየቅ። ለዚያ ግን ሆስፒታሉ ስሟን ለወረዳው መላክ አለበት።

ማዳን ሲያቅት

በምዕራብ ወለጋ አይራ ሆስፒታል ከ2010 እስከ 2016 የታከሙ 107 የጡት ካንሰር ታማሚዎች ታሪክ ተጠንቷል። ከሁለት ዓመት በኋላ በሕይወት እንደነበሩ የተገመተው ከግማሽ ትንሽ የሚበልጡት ብቻ ነበሩ። ብዙዎቹ ሲመጡ ዘግይቶባቸው ነበር። ለእነዚህ ሴቶች ክትትል ማለት ሕመም ማስታገስ ነው። ሙያው ፓሊዬቲቭ ኬር ይለዋል፤ በሽታውን ማዳን ባይቻልም ስቃዩን መቀነስ ማለት ነው። በአዲስ አበባ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ከ2003 ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞረ ይህን ይሠራል።

ገጠር ላይ ዋናው እጥረት ሞርፊን ነው። ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ስለሆነ ከትልልቅ ሆስፒታሎች ርቆ ማግኘት ከባድ ነው። ባለሙያውም ሱስ ያስይዛል ብሎ ይፈራል። በትክክል ሲሰጥ ግን በከባድ የካንሰር ሕመም ላይ ላለ ሰው ዋናው መድኃኒት እሱ ነው። መተኛት ያልቻለችን እናት ከባድ ሕመሟን በፓራሲታሞል እንድትችል መተው አይገባም።

ቀጥሎ የሚመጣው

አዲሶቹ ማዕከሎች ሥራቸውን ሲያሰፉ የሚታከመው ሰው ይበዛል። የሚታከመው ሲበዛ ክትትል የሚፈልገውም ይበዛል። በየዓመቱ አዲስ ይጨመራል እንጂ የድሮው አይቀነስም፤ የአምስት ዓመት ክኒን የጀመረች ሴት ለአምስት ዓመት ዝርዝሩ ላይ ነች። ክትትሉ እንዳለ ከቀጠለ የጅማና የሐረር ተመላላሽ ክፍሎች በጥቂት ዓመታት የጥቁር አንበሳን ወረፋ ይወርሳሉ። ሐኪሞቹም አዲስ ታማሚ የሚያዩበት ሰዓት ያጥራቸዋል።

ሌላው መንገድ ታማሚዋ ማዕከሉን ስትለቅ የሕክምና ማጠቃለያዋ በአንድ ገጽ ተጽፎ ለእሷም ለቅርቧ ሆስፒታልም እንዲሰጥ ማድረግ ነው። ዓይነቱና ደረጃው፣ የወሰደችው ኬሞ፣ የሚቀጥለው ክኒን፣ መቼ መታየት እንዳለባት፣ ምን ሲታይ በአስቸኳይ እንድትላክ፣ የሚደወልበት ስልክ። ለክልል ጤና ቢሮዎች አዲስ ሥራ አይደለም፤ ለእናቶችና ለኤችአይቪ ታካሚዎች ተመሳሳዩን ሠርተውታል። በጅማ የመጀመሪያዎቹን ጨረሮች የወሰዱት ሴቶች ጥብቅ ክትትል የሚያስፈልጋቸው ዓመታት እየተቆጠሩ ናቸው። ያቺ አንድ ገጽ እጃቸው ላይ ካልደረሰች፣ ቀጣዩን ቀጠሮም የሚሄዱት ያንኑ ፌስታል አንጠልጥለው ነው።